አምባ የቀረው ነው

ግሸን ማርያም የሄደ ሁሉ አምባው የመስቀል ቅርጽ እንዳለው ይነግራችኋል። እውነት ነው፣ አለው። ተማሪዎች ታዲያ «ማን ጠረበው?» ይሉኛል። ውሃ ነው የጠረበው። እንዲህ ስል ቅር የሚለው ወዳጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ውሃውን ማን አዘዘው የሚለውን ለአባቶች ትቼ እኔ ስለ ድንጋዩ ላውራ።

አብዛኞቻችን ተራራ ማለት ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ይመስለናል። እንደዚያ ዓይነትም አለ። የወሎ አምባዎች ግን አልወጡም፤ ዙሪያቸው ነው የወረደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድሩ ተሰነጣጥቆ ቅልጥ አለት በስንጥቁ ፈሰሰ። ምጣድ ላይ የተሰፋ እንጀራ ሳይነሳ ሌላ ሲደረብበት፣ በዚያም ላይ ሌላ ሲጨመር አስቡት። አብዛኛው የፈሰሰው በ1 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ፤ ለመሬት ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው። አንዳንድ ቦታ ድርቡ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መሀል ደግሞ አመድ ወርዷል፣ አፈር ተሠርቷል። ስለዚህ ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ፣ ለስላሳ እየሆነ ነው የተደረደረው።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ቁልቁል ይሰነጠቃል፤ ቋሚ ተደርድሮ የቆመ ይመስላል። ምድሩ ከፍ እያለ ሲሄድ እነ ዓባይ፣ ተከዜና በሸሎ ይቆፍሩት ጀመር። ውሃው ለስላሳውን ከሥር ሲበላው ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ድጋፍ ያጣና በስንጥቁ ልክ ተገምሶ ይወድቃል። ለዚህ ነው የአምባ ጫፍ የማይዶለዱመው፤ ሁሌ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ለስላሳው ደግሞ እርከን ይሆናል፤ ገበሬው የሚያርሰው እሱን ነው፣ ምንጩም ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ ነው። ከአራት አቅጣጫ ሲሸረሸር ቆይቶ መሀል ላይ የተረፈው ጠፍጣፋ ነገር ነው እንግዲህ ግሸን።

ነገሥታቱ ይህን ግድግዳ ሲያዩ እስር ቤት ታያቸው። ዙፋን ሊሹ የሚችሉ የንጉሥ ወንድሞችና ልጆች ግሸን ላይ ይጠበቁ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብም በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሠው ከዚያ ወርዶ ነው። በኋላ ጎንደሮች ወህኒ አምባን ለዚሁ ተግባር መረጡ፤ «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ 1860 ዓ.ም ሲብት ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ። መድፏ ወደ 7 ቶን ትመዝናለች። ቦታው በአሞራ በረራ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የፈጀባቸው ግን ወደ ስድስት ወር ነው። ለምን? የጅጣና የበሸሎ ሸለቆዎች አሉ እኮ! የበሸሎ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ወርደህ ትወጣለህ፣ ደግሞ ትወርዳለህ፣ ድንጋይ እየፈለጥክ መንገድ እየሠራህ። ከመሳፍንቱ ጋር ተዋግተዋል እንላለን፤ እኔ ግን መሳፍንቱን ያን ያህል ዘመን ያቆያቸው ይኸው ሸለቆ ይመስለኛል። አንዱ አምባ ላይ ያለ ጌታ ማዶ ላለው ምን ሊገዛለት ነው?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ሸለቆዎቹ ጋ ሲደርስ የተጠረገ መንገድ አገኘ። ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያሠሩት ነበር። በዚያው ወርዶ በዚያው ወጣ።

የስቅለት ዕለት የቴዎድሮስ ሰዎች የፈላን ከፍታ ትተው ቁልቁል ወደ አሮጌ ሜዳ ተወርውረው ወረዱ። ወደ 700 ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዞቹ የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ ጦሩ ወደ መቅደላ ወጣ፤ ንጉሡም እጅ ከመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። ያ ግድግዳ ለወራሪው መውጫ ከተገኘለት ላይ ላለው ሰው መሸሻ የለውም።

ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው ናት፤ ያን ሁሉ ሸለቆ ተሻግራ የወጣች መድፍ መልሶ የሚያወርዳት አልተገኘም።

መቅደላ የወጣችሁ ካላችሁ ፎቶ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ፤ በተለይ ገደሉ ከጎን የሚታይበትን።