ሐረር ስንት ሰው አላት?

ጥያቄዋን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩዋት! ዳሽቦርድ መሥራት የሚማር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሁሉ ሳይወድ በግድ ይጋፈጣታል። ባር ግራፉን፣ ፓይ ቻርቱን፣ ባለቀለም ካርታውን ኤክሴልም ሆነ ፓወር ቢአይ ይሠራልናል። ከሥር የምትካፈልበትን ቁጥር ግን ሶፍትዌር አይፈጥራትም። አንደኛ ደረጃ ስንማር “ታህት” ያሉን ነገር ትዝ ይላችኋል? ጉዱ ያለው እሱ ጋ ነው።

እስቲ ወደ ጀጎል እንግባ። ኢሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐረርን በግንብ አጠሩ፤ አምስት በሮችም ነበሯት። በሮቹ ማታ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ይከፈታሉ። ቀን ቀን ገበያተኛው ከገጠር፣ ነጋዴው ከሩቅ ይገባል፤ ሲመሽ ብዙው ይወጣል። እንግዲህ “የሐረር ሰው” ስንል የቀኑን ነው የማታውን?

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ሰነበተ። የነዋሪውን ቁጥርም ወደ 8,000 ገደማ ብሎ ጻፈ። ቤት ለቤት ዞሮ አልቆጠረም፤ ገመተ።

በዚያው ዓመት በበርተን አገር፣ ለንደን ላይ፣ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ስለ ኮሌራ መጽሐፍ አሳተመ። በኮሌራ የሞቱትን በየቤታቸው ያመለከተበት የብሮድ ስትሪት ካርታ ዛሬም የዳታ ሥልጠና ሁሉ መክፈቻ ነው። ካርታው ዝነኛ ይሁን እንጂ ጠንካራው ማስረጃው ሌላ ነበር። ስኖው የሁለት ውሃ አቅራቢ ኩባንያዎችን ደንበኞች አወዳደረ። የሟቾቹን ብዛት ብቻ ደምሮ አልተወም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ ውሃ ለሚያደርስባቸው ቤቶች አካፈለው። ከ10,000 ቤት በአንደኛው 315፣ በሌላኛው 37 ሰው ሞቷል። ነገሩን የለየው ማካፈሉ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ኢትዮጵያ ሕዝቧን የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የሐረሪ ክልል ነዋሪ በ1987ቱ ቆጠራ 131,139፣ በ1999ኙ ደግሞ 183,415 ነበር። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈ፣ እስከ ዛሬም አልተካሄደም። በ1999ኙ ቆጠራ ሰሞን የተወለደ ሕፃን ዛሬ አዋቂ ሆኗል። ዳሽቦርዶቻችን ግን አሁንም ከዚያ ቆጠራ በተሰላ ትንበያ ነው የሚያካፍሉት።

ሐረር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። የጤና ተቋማት ሪፖርት ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሥርዓት ይሰበሰባል። የከተማዋ ሆስፒታሎች የሚያገለግሉት የሐረርን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከምሥራቅ ሐረርጌም ሕመምተኛ ይመጣል። ከፈዲስ ወይም ከባቢሌ የመጣች እናት ሐረር ስትወልድ ከላይ ትቆጠራለች፣ ከታች ግን የለችም፤ ታህቱ የክልሉ ነዋሪ ብቻ ነውና። በዚህ አካሄድ “የወሊድ አገልግሎት ሽፋን” ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ይበራል፣ ስብሰባው በጭብጨባ ያልቃል። በኤረር ወይም በሶፊ ወረዳ ቤቷ የወለደችው እናትስ? ከአረንጓዴው ሥር ተደብቃለች። አዋላጅ ነርስም ሆነ አምቡላንስ ወደ እሷ እንዲሄድ የሚጠይቅላት የለም፤ “ሽፋኑ ሞልቷል” ተብሏላ! የጀጎል በር የቀንና የማታ ጥያቄ ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል።

ደግነቱ እዚያው ሐረር መማሪያ አለ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በቀርሳ፣ በ2012 ደግሞ በሐረር ከተማ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጀመረ። መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን ይመዘግባሉ። ክልሉን በሙሉ አይሸፍንም። ቢሆንም የዳሽቦርዱን ቁጥር ከመሬቱ እውነት ጋር ለማስተያየት ይረዳል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ለመንግሥት ሥራ ዳሽቦርድ የምትማሩ ሁሉ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ከየግራፉ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ በምን ተካፈለ? የስንት ዓመተ ምሕረት ቁጥር ነው? ከላይ የተቆጠሩት የአካባቢው ነዋሪዎች ብቻ ናቸው ወይስ የመጡት ሁሉ? ከተቻለ የታካሚዋን መኖሪያ ወረዳ ለይታችሁ አሳዩ። ያን ጊዜ አረንጓዴው ቢደበዝዝም የኤረሯ እናት ትታያለች።