ከደንበኛ አያያዝ ሶፍትዌር ወደ ኢአርፒ ሽግግር

ከደንበኛ አያያዝ ሶፍትዌር ወደ ኢአርፒ ሽግግር ማለት አንድ በማደግ ላይ ያለ ድርጅት የደንበኞቹን መረጃና ሽያጩን ብቻ ከሚመዘግብ ቀላል ሶፍትዌር ተነሥቶ ሽያጭን፣ ግዢን፣ መጋዘንን፣ ሂሳብንና የሰው ኃይልን በአንድ የመረጃ ቋት ወደሚያስተሳስር የተቀናጀ ሥርዓት የሚያደርገው ለውጥ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሶፍትዌር በአጭሩ ሲአርኤም ሲባል ትርጉሙም የደንበኞች ግንኙነት አስተዳደር ነው። ሁለተኛው ኢአርፒ ይባላል፤ የድርጅት ሀብት ዕቅድና አስተዳደር ማለት ነው። ሽግግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድርጅቱ ደንበኛ ሲያጣ ሳይሆን ደንበኛ ሲበዛለት ነው። ሽያጩ ሲያድግ የሸጠውን ዕቃ በሰዓቱ ማቅረብ፣ ዱቤውን መሰብሰብና ሂሳቡን መዝጋት ከመሸጡ የበለጠ ይከብደዋል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት

ሲአርኤም የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ደንበኛን የሚመለከቱ ናቸው። ደንበኛው ማን ነው? ስልኩ ስንት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አነጋገርነው? ምን ዋጋ ሰጠነው? ለመግዛት ምን ያህል ተቃርቧል? ተጠቃሚዎቹም በአብዛኛው የሽያጭና የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው።

ኢአርፒ ደግሞ ከሽያጩ በኋላ ያለውን ሁሉ ይከታተላል። ዕቃው በየትኛው መጋዘን አለ? ስንት ተገዛ? ደንበኛው ያለበት ዕዳ ስንት ነው? ለአቅራቢው ምን ያህል ይከፈላል? የዚህ ወር ትርፍ ስንት ሆነ? ሥርዓቱ ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሞጁሎች የሚጽፉትም የሚያነቡትም በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ነው። ሽያጭ ሲመዘገብ የመጋዘኑ ክምችት በዚያው ይቀንሳል፣ የደንበኛው ዕዳ ይጨምራል፣ በዋናው የሂሳብ መዝገብም ገቢውና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ይሰፍራሉ። ያንኑ ቁጥር ሦስት ሰው ሦስት ቦታ መጻፍ አይኖርበትም።

ሽግግር ሲባል ሲአርኤም ይጣላል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የኢአርፒ ምርቶች የደንበኛ አያያዝ ሞጁል በውስጣቸው ይዘዋል። አንዳንድ ድርጅቶችም የቀድሞውን ሲአርኤም ሳይተዉ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ያገናኙታል።

ታሪክ

ሁለቱ ሥርዓቶች የተለያየ መነሻ አላቸው። ኢአርፒ የተወለደው ከፋብሪካ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለአንድ ምርት የትኛው ጥሬ ዕቃ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በኮምፒውተር ማስላት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 አምስት የቀድሞ የአይቢኤም ሠራተኞች በጀርመን ኤስኤፒ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው አር/3 የተሰኘ ምርት ሥርዓቱን በዓለም ዙሪያ አስፋፋው። ኢአርፒ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት ነው።

ሲአርኤም በአንጻሩ ከሽያጭ ሠራተኛ የስልክ ማስታወሻ ደብተር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ሲበል ሲስተምስ ዘርፉን በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ አስለመደ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ሴልስፎርስ ደግሞ ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት በኪራይ በማቅረቡ ትንንሽ ድርጅቶችም ሊጠቀሙበት ቻሉ። በኢአርፒ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 ቤልጂየም ውስጥ ታይኒ ኢአርፒ በሚል ስም ተጀምሮ ከ2014 ወዲህ ኦዱ የሚባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለመካከለኛና ለአነስተኛ ድርጅቶች ተመሳሳይ በር ከፍቷል።

የሽግግሩ ምክንያቶች

ምክንያቶቹን በምሳሌ መመልከት ይቀላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ካራቆሬና ሸዋ ሮቢት ላይ ሱቅና መጋዘን ያለው አንድ ነጋዴ ለይፋት ቆላ መስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች የውኃ ፓምፕ ይሸጣል እንበል። ነጋዴው 20 ፓምፖች አሉት። የሸዋ ሮቢቱ ሻጭ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር 15 ፓምፕ በሦስት ቀን ውስጥ ለማስረከብ ተስማምቶ ስምምነቱን በሲአርኤም መዘገበ። በዚያው ዕለት የካራቆሬው ሱቅ 12 ፓምፕ ሸጠ፤ ሽያጩ ግን የሰፈረው በመጋዘኑ የዕቃ ካርድ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት 8 ስለሆኑ 7 ይጎድላሉ። ነጋዴው ቃሉን ለመጠበቅ የጎደሉትን በአንዱ ላይ 4,000 ብር ጨምሮ ከአዲስ አበባ ቢያስመጣ 28,000 ብር ይከስራል። ባያስመጣ ደግሞ የማኅበሩ አባላት የሽንኩርት ችግኝ ውኃ ሳያገኝ ቀናት ያልፋሉ። ሲአርኤሙ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን መዝግቧል። ስለ መጋዘኑ የሚያውቀው ነገር ግን አልነበረም።

ድርጅቶችን ወደ ኢአርፒ የሚገፉት ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

1. የክምችት አለመናበብ፦ ከላይ እንደተገለጸው ሻጩ የሌለ ዕቃ ይሸጣል፤ ወይም ያለውን ዕቃ የለም ብሎ ደንበኛ ይመልሳል። ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ችግሩ ይብሳል።

2. ዱቤ፦ በገጠር ከተሞች ንግድ ብዙ ዕቃ የሚሸጠው ምርት እስኪሰበሰብ በዱቤ ነው። ዕዳው በሂሳብ ሠራተኛው መዝገብ ብቻ ካለ ሻጩ ላልከፈለ ደንበኛ ዳግም ዱቤ ይሰጣል። ኢአርፒ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያ አስቀምጦ ከጣሪያው የሚያልፍ ትዕዛዝን ያግዳል፤ ወይም ለኃላፊው ውሳኔ ያስተላልፋል።

3. ድርብ ምዝገባ፦ አንድ ሽያጭ በሲአርኤም፣ በኤክሴል፣ በዕቃ ካርድና በሂሳብ ሶፍትዌር ሲጻፍ አራት ጊዜ የመሳሳት ዕድል ይፈጠራል። በወር መጨረሻ አራቱን ለማስታረቅ ቀናት ይወስዳል።

4. የግዢ ቁጥጥር፦ ኢአርፒ የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱንና የአቅራቢውን ኢንቮይስ አስተያይቶ ሦስቱ ካልተስማሙ ክፍያውን ይይዛል። ይህ ያልገባ ዕቃ እንደገባ ተቆጥሮ እንዳይከፈልበት ይከላከላል።

5. ትክክለኛ ወጪን ማወቅ፦ የአንድ ዕቃ ወጪ የግዢ ዋጋው ብቻ አይደለም። ትራንስፖርት፣ ቀረጥ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ ይጨመሩበታል። የብር ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጡ ድርጅቶች በአሮጌ ወጪ ተምነው ሸጠው በሽያጩ ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሰው መግዛት የሚያቅታቸው አጋጣሚ ሰፍቷል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ለዚህ ሽግግር ትልቅ ግፊት ያሳደሩት የታክስና የሂሳብ ሕጎች ናቸው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 መሠረት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ደንብ ቁጥር 139/1999 ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ አደረገ። በመሣሪያው የወጣው የደረሰኝ ድምር ከሂሳብ መዝገቡ ጋር፣ መዝገቡም ከመጋዘን ቆጠራ ጋር ካልተስማማ ድርጅቱ በታክስ ኦዲት ጊዜ ለተጨማሪ ታክስና ለቅጣት ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 በበኩሉ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ አዘዘ። ይህን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው።

ከዚህ በፊት በብዙ የግል ድርጅቶች የተለመደው ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ፒችትሪ ነው። በኮሌጆችም ለሂሳብ ተማሪዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ፒችትሪ ሂሳብን በሚገባ ይይዛል፤ ነገር ግን በየከተማው የተበተኑ ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ሥርዓት ሆኖ የተነደፈ አይደለም። ስለዚህ በርካታ ድርጅቶች ደንበኛን በአንድ ሶፍትዌር፣ ሂሳብን በፒችትሪ፣ ዕቃን በወረቀት ይዘው ይሠራሉ።

በመንግሥት በኩል የገንዘብ ሚኒስቴር ለበጀትና ለወጪ አይቤክስ የተባለውን ሥርዓት ለዓመታት ሲጠቀም ቆይቶ፣ በኦራክል ምርት ላይ ወደተመሠረተውና አይፍሚስ ወደሚባለው የተቀናጀ የፋይናንስ መረጃ ሥርዓት ፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በደረጃ ማስገባት ጀመረ። የዕቃ ገቢን በሞዴል 19፣ ወጪን በሞዴል 22 መመዝገብ የለመደው የንብረት ክፍል ከግዢና ከክፍያ ጋር በአንድ ሥርዓት መገናኘቱ የዚህ ለውጥ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ከኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ተከፍለው የተቋቋሙት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ኢአርፒ ተግባራዊ አድርገዋል።

የመቀናጀትን ጥቅም በሌላ መልክ የሚያሳየው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው ይህ ተቋም ኢአርፒ ባይሆንም መጋዘንን፣ ግብይትንና ክፍያን አስተሳስሯል። ምርቱ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ወደ መጋዘን ሲገባ የኤሌክትሮኒክ የመጋዘን ደረሰኝ ይዘጋጃል፤ የሚሸጠው ይህ ደረሰኝ ያለው ምርት ብቻ ነው። ስለዚህ በመጋዘን የሌለ ምርት መሸጥ አይቻልም። በይፋትና በአካባቢው ቆላ የሚመረተው ማሾም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በምርት ገበያው ከሚገበያዩት ምርቶች አንዱ ሆኗል።

ከአገሩ አሠራር ጋር ማጣጣም

ከውጭ የሚመጡ ሥርዓቶች በኢትዮጵያ ከሚገጥሟቸው ችግሮች መካከል የዘመን አቆጣጠር ይገኝበታል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። አብዛኛው ሶፍትዌር ግን ወሩን የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የሂሳብ ወቅቶችን መጀመሪያና መጨረሻ በእጅ ማስተካከልና ጳጉሜን ከየትኛው ወር ጋር እንደምትጠቃለል አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስም ነው። ኢትዮጵያውያን የሚጠሩት በራሳቸውና በአባታቸው ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም በሦስትና በአራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በዚህ የተነሣ አንድ ደንበኛ በሲአርኤም ውስጥ እንደ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ይገኛል፤ ዕዳውም በሦስት ቦታ ይበተናል። ለድርጅት ደንበኞች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን፣ ለሌሎች ደግሞ ስልክ ቁጥርን መለያ ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው መብራትና ኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ሥርዓት እንዲህ ባለ ጊዜ ሱቁን ያዘጋል። ስለዚህ ግንኙነት ሲጠፋ መዝግቦ በኋላ የሚያስተላልፍ አሠራር ወይም በድርጅቱ ግቢ የሚቀመጥ ሰርቨር፣ ቢያንስም ተራ ቁጥር ያለው የወረቀት ደረሰኝ በተጠባባቂነት መኖር አለበት።

የሽግግሩ ሂደት

ሽግግሩ በአብዛኛው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል። በመጀመሪያ የድርጅቱ አሠራር ከትዕዛዝ እስከ ክፍያ ድረስ በወረቀት ይጻፋል። ቀጥሎ የደንበኛ፣ የዕቃና የአቅራቢ ዝርዝር ይጣራል፤ ድግግሞሹ ይወገዳል። ከዚያ የመጋዘን ቆጠራ ተደርጎና የዕዳ ሚዛን ተረጋግጦ መነሻ ቁጥሮች ይገባሉ። ብዙዎች የበጀት ዓመቱን መጀመሪያ ይመርጣሉ፤ ሂሳቡ ተዘግቶ አዲስ የሚከፈትበት ጊዜ ነውና። ለተወሰኑ ሳምንታት አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ከሠሩ በኋላ ውጤታቸው ሲስማማ አሮጌው ይቆማል። ከሁሉም ቀድሞ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የሂሳብና የመጋዘን ሞጁል ነው።

የሚከሽፍባቸው ምክንያቶች

ኢአርፒ ውድ ነው፤ ሲከሽፍም ጉዳቱ ከባድ ነው። የአሜሪካው ጣፋጭ አምራች ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1999 አዲሱን ሥርዓት ዋናው የሽያጭ ወቅት በደረሰበት ጊዜ በመጀመሩ ዕቃው በመጋዘን እያለ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትዕዛዝ ማድረስ ሳይችል ቀርቷል። የጀርመኑ የሱቅ ሰንሰለት ሊድል ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ካወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የኤስኤፒ ፕሮጀክቱን አቋርጧል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሊድል ክምችቱን በግዢ ዋጋ ሲተምን ሶፍትዌሩ ግን የተዘጋጀው በመሸጫ ዋጋ ለመተመን መሆኑ ነው። ኩባንያው ልማዱን ከመለወጥ ይልቅ ሶፍትዌሩን ለመለወጥ መረጠ፤ የማሻሻያው ሥራም ማለቂያ አጣ።

በአነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ የሚታየው ክሽፈት ግን ጸጥ ያለ ነው። ሥርዓቱ ይገዛል፤ የመጋዘን ሠራተኛው ግን ስላልሠለጠነ በካርድ መጻፉን ይቀጥላል፤ ሂሳብ ሠራተኛውም ወደ ኤክሴሉ ይመለሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ በኢአርፒው ላይ ያለው ክምችትና በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ይለያያሉ። ያን ጊዜ ሥርዓቱን የሚያምን ሰው አይኖርም።

ሽግግር የማያስፈልግበት ጊዜ

ሁሉም ድርጅት ኢአርፒ አያስፈልገውም። አንድ ሱቅ፣ አንድ መጋዘንና ጥቂት ሠራተኞች ያሉት፣ ወይም ዕቃ ሳያከማች አገልግሎት ብቻ የሚሸጥ ድርጅት በሲአርኤምና በተለመደ የሂሳብ ሶፍትዌር ለረጅም ጊዜ ሊሠራ ይችላል። የፈቃድ ክፍያው በዶላር የሚጠየቅ ከሆነ የውጭ ምንዛሪ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ለሽግግር መድረስን ከሚያመለክቱት ምልክቶች መካከል ከአንድ በላይ መጋዘን መኖሩ፣ የወር ሂሳብ ለመዝጋት የሚወስደው ጊዜ መርዘሙ፣ የቆጠራ ጉድለት መደጋገሙ፣ እንዲሁም ስለ አንድ ደንበኛ ዕዳ ሻጩና ሂሳብ ሠራተኛው የተለያየ ቁጥር መስጠታቸው ይገኙበታል።