ብዕሩና ገጹ እስኪገናኙ፦ የኤሌክትሮኒክ ደብተር ታሪክ፣ ለሚጓጓም ለሚገዛም

«ኢ-ኢንክ ታብሌት ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» ለሚል ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ዝርዝር ነው። ስክሪኑ ይህን ያህል ኢንች፣ ባትሪው ይህን ያህል ቀን፣ ዋጋው ይህን ያህል። ዝርዝሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዱ ለምን መብራት እንደሌለው፣ የሌላው ብዕር ለምን ቻርጅ እንደሚፈልግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለምን የተደመሰሰ ጽሑፍ ጥላ እንደሚተው አይነግራችሁም። የዚህ ሁሉ መልስ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። ታሪኩ ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ የገጹ ታሪክና የብዕሩ ታሪክ። ሁለቱ በተለያዩ አገሮች፣ በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ አድገው ዘግይተው የተጋቡ ናቸው። እንደ ብዙ ትዳር ጭቅጭቁ የሚነሳው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከገጹ እንጀምር። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል፣ በተለምዶ ፓርክ በሚባለው፣ አልቶ የተሰኘ ኮምፒውተር ተሠርቶ ነበር። ለዘመኑ ተአምር ነበር፤ ስክሪኑ ግን ደብዛዛ ስለነበር በደንብ ለማየት ክፍሉን ማጨለም ያስፈልግ ነበር። ኒክ ሸሪደን የተባለው የማዕከሉ ተመራማሪ ነገሩን ገልብጦ አሰበው። ስክሪን ለምን የግድ ብርሃን ያመነጫል? ወረቀት እኮ ብርሃን የለውም። የክፍሉን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ። ስለዚህ ግማሽ ጎናቸው ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆኑ ጥቃቅን ኳሶችን ዘይት በያዘ ስስ ላስቲክ ውስጥ አስቀመጠ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ይገለበጣሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ ባሉበት ይቆያሉ። ጋይሪኮን ተባለ። ዜሮክስ ግን የፎቶ ኮፒ ማሽን ድርጅት ነበርና ነገሩን ለብዙ ዓመታት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በኋላ ራሱን የቻለ ኩባንያ ቢቋቋምለትም በ2005 ተዘጋ።

በዚያው አሥር ዓመት ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሌላ መንገድ እየተሞከረ ነበር። ኳስ ከማገላበጥ ይልቅ የቀለም ቅንጣቶችን ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች መንዳት። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ችግሩም እንዲሁ። ቅንጣቶቹ ከጊዜ በኋላ ይጓጉላሉ፣ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ፣ ልክ ሳይማሰል እንደቆየ ሾርባ ይዘቅጣሉ። ሐሳቡ በዚህ የተነሳ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሳካ ቆየ።

መላ የተገኘው በኤምአይቲ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ጃኮብሰን፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከነበሩት ከባሬት ኮሚስኪና ከጄ ዲ አልበርት ጋር ሆኖ ፈሳሹን በአንድ ትልቅ ገንዳ ማስቀመጡን ትቶ ዓይን በማያያቸው ሚሊዮን እንክብሎች ከፋፈለው። የእንክብሉ ስፋት እንደ ፀጉር ውፍረት ነው። አሁን ቅንጣቶቹ ቢጓጉሉ እንኳ ከእንክብላቸው መውጣት አይችሉም። በ1997 ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ በ1998 ውጤቱ ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ በምታዩት ጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ ነጩ ቅንጣት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያው የግድግዳ ቀለም የሚያነጣው ዱቄት። ነጩና ጥቁሩ ተቃራኒ ቻርጅ ስላላቸው አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ከወጡ በኋላ ለመቆየት ኃይል አይጠይቁም። የኪንድል ባትሪ ሳምንታት የሚቆየው ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን ገጹ ካልተቀየረ ስክሪኑ ምንም ስለማይበላ ነው።

በ2004 ሶኒ ጃፓን ውስጥ ሊብሪዬ የተባለውን የመጀመሪያውን የኢ-ኢንክ ማንበቢያ ሸጠ። ስክሪኑ ተደነቀ፣ መሣሪያው ግን ብዙም አልሄደም። አንዱ ምክንያት አስቂኝም አሳዛኝም ነው፤ የሚገዛው መጽሐፍ ከ60 ቀን በኋላ አይከፈትም ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኪንድል መጣና ኢ-ኢንክን ዓለም አወቀው።

ብዕሩስ?

የብዕሩ ታሪክ ይበልጥ ያረጀ ነው። ኤሊሻ ግሬይ (ከቤል ጋር በስልክ ፈጠራ የተካሰሰው ሰውዬ) በ1888 የእጅ ጽሑፍን በሽቦ ሩቅ አገር የሚልክ ቴልአውቶግራፍ የተባለ መሣሪያ ፓተንት አውጥቶበታል። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ዓመት 1964 ነው። በዚያ ዓመት ራንድ የተሰኘው የአሜሪካ የምርምር ተቋም 10 በ10 ኢንች የሆነ ሰሌዳ ይፋ አደረገ። ከሥሩ ቀጫጭን መስመሮች እንደ መረብ ተዘርግተው ብዕሩ ያረፈበትን ቦታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጥቦች መካከል ይለዩ ነበር። አንድ ጉድለት ነበረው። የምትጽፉት እዚህ ጠረጴዛው ላይ፣ የጻፋችሁት የሚታየው እዚያ ፊት ለፊት ባለው ቴሌቪዥን መሰል ስክሪን ላይ። እጅ አንድ ቦታ፣ ዓይን ሌላ ቦታ። ከዚያ በኋላ የመጣው የብዕር ታሪክ በአብዛኛው ይህን ርቀት የማጥበብ ታሪክ ነው።

በ1983 ጃፓን ውስጥ ዋኮም የተባለ ኩባንያ ተቋቋመና ሽቦም ባትሪም የሌለው ብዕር ሠራ። አሠራሩን ለመረዳት ዥዋዥዌ አስቡ። ሕፃኑን በትክክለኛው ምት በትንሹ ከገፋችሁት ይወዛወዛል፤ መግፋቱን ስታቆሙም ለጥቂት ጊዜ መወዛወዙን ይቀጥላል። የዋኮም ሰሌዳ በመግነጢሳዊ ሞገድ ብዕሩን «ይገፋዋል»፤ ብዕሩ ውስጥ ያለች የሽቦ ጥቅል በዚያው ምት ትወዛወዝና ምልክቱን ትመልሳለች። ሰሌዳው የተመለሰውን ሰምቶ ቦታውን ያሰላል። በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ኢኤምአር የሚባለው ይህ ነው፤ የዕቃ መግለጫ ላይ ስታገኙት አሁን ታውቁታላችሁ።

መካከል ላይ አንድ የታወቀ ውድቀት አለ። አፕል በ1993 ኒውተንን አወጣ። ኒውተን የእጅ ጽሑፋችሁን አንብቦ ወደ ፊደል ሊቀይር ቃል ገባ፤ ሲያነብ ግን ቃሉን ሌላ ቃል እያደረገ የጋዜጣ ካርቱን መሳለቂያ ሆነ። በ1998 ምርቱ ቆመ። እንደኔ እንደኔ የኒውተን ስህተት ማንበብ አለመቻሉ ብቻ አይደለም፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን መሳቱም ነው። ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ ጽሑፉ ሁልጊዜ እንዲታተምለት አይፈልግም። ቀስት፣ ክብ፣ ዳር ላይ የተሞነጫጨረ ሥዕል ያው እንዳለ እንዲቆይለት ይፈልጋል። በኋላ የተሳካላቸው መሣሪያዎች መጀመሪያ ቀለሙን እንዳለ ያስቀምጣሉ፣ ማንበቡን ለሌላ ጊዜ ይተዉታል።

በነገራችን ላይ «በእጅ መጻፍ ይሻላል» የሚባለው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሙለርና ኦፐንሃይመር በ2014 ያሳተሙት ጥናት ነው። በላፕቶፕ የጻፉት ተማሪዎች መምህሩ ያለውን ቃል በቃል ሲቀዱ፣ በእጅ የጻፉት መምረጥና ማሳጠር ግድ ሆነባቸው፤ ሐሳብን የሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይም ተሻሉ። ሌሎች ሲደግሙት ግን ልዩነቱ የመጀመሪያውን ያህል ጎልቶ አልወጣም። ስለዚህ «ይህን ከገዛህ ውጤትህ ያድጋል» ለሚል ማስታወቂያ ቶሎ እጅ አትስጡ።

ወደ ሠርጉ እንሂድ። በ2006 ከፊሊፕስ የወጣው አይሬክስ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ኢሊያድን ሠራ፤ 8.1 ኢንች የኢ-ኢንክ ገጽ ከዋኮም ብዕር ጋር። ሁለቱን ያጋባቸው አጋጣሚ አይደለም። ኢ-ኢንክ የሚኖረው ከክፍሉ በሚያገኘው ብርሃን ነው። ከፊቱ የምትደርቡበት ማንኛውም ንብርብር ብርሃኑን ሁለት ጊዜ ይሰርቀዋል፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ተንጸባርቆ ሲወጣ። የዋኮም ሰሌዳ ግን መግነጢሳዊ ስለሆነ ከስክሪኑ ጀርባ ተቀምጦም ብዕሩን ይሰማል። ገጹ ሳይጨልም መጻፊያ ሆነ ማለት ነው። ጭቅጭቁም አብሮ መጣ። ገጹ ዝም ሲል ኃይል አይበላም፤ ብዕሩን የሚጠብቀው ሰሌዳ ግን ሁልጊዜ ነቅቶ መጠበቅ አለበት። የኢሊያድ ባትሪ እንደ ማንበቢያዎቹ ሳምንታት የሚቆይ አልነበረም። አይሬክስ በ2010 ከሰረ።

ሶኒ በ2013 ባለ 13.3 ኢንች ዲጂታል ወረቀቱን ይዞ ቀረበ፤ አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 1,100 ዶላር ነበርና ከጠበቆችና ከቢሮዎች አልዘለለም። ገበያውን የከፈተው የኖርዌዩ ሪማርከብል ነው። በ2016 መጨረሻ ቅድመ ሽያጭ ጀምሮ በ2017 አደረሰ። ኢላማው አንድ ነገር ነበር፤ መዘግየት፣ ማለትም ብዕሩ ካለፈ በኋላ መስመሩ እስኪታይ ያለው ጊዜ።

ይህ ለምን ከባድ ሆነ? ምክንያቱም ቅንጣቶቹ ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ። አንድን ገጽ ከነግራጫው በንጽሕና ለመቀየር ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል (ብርድ ሲሆን ፈሳሹ ስለሚወፍር ይብስበታል)። በዚያ ፍጥነት ስም መጻፍ አይቻልም። ዘዴው ሲጽፉ ግራጫውን ትቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ እሱንም ብዕሩ ባለፈባት ጠባብ ቦታ ብቻ መንዳት ነው። የችኮላ ሥራ ስለሆነ ጥራት ይጎድለዋል፤ ስትደመስሱ የምትቀረው ጥላ የዚህ ችኮላ ዋጋ ናት። ገጹ አልፎ አልፎ ብልጭ ሲል እያጸዳ ነውና አትደንግጡ። በ2020 የወጣው ሪማርከብል 2 መዘግየቱን 21 ሚሊሰከንድ ብሎ አስተዋወቀ።

ታዲያ ገንዘብ ይዞ የሚመርጥ ሰው ይህን ሁሉ ምን ያደርግበታል?

መጠኑን ከሚያነበው ነገር ጋር ያስላ። 10.3 ኢንች የሚባለው የተለመደው ስክሪን 157 በ209 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከኤ5 ደብተር ጥቂት ሰፋ ይላል። ለመጻፍ ይበቃል። መምህሩ የሚልከው ሃንድአውት ግን ኤ4 ነው፤ 210 በ297። ሙሉ ገጹ እንዲገባ ወደ 70 በመቶ ይቀነሳል፤ በ12 ነጥብ የተተየበው 8 ተኩል ይሆናል። የላቲን ፊደል በዚያ መጠን ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ደግሞ ስካን የተደረገ ከሆነ ዓይን ያደክማል። ዋና ሥራችሁ ፒዲኤፍ ላይ መጻፍ ከሆነ ለባለ 13.3 ኢንቹ መቆጠብ ሳያዋጣ አይቀርም። ደብተር ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መብራት ከፈለጋችሁ (መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ማን አይፈልግም?) ከፊት አንድ ንብርብር እንደሚጨመር እወቁ። ሪማርከብል 2 መብራት የለውም፤ በ2022 የወጣው ኪንድል ስክራይብ አለው። ንብርብር ሲጨመር የብዕሩ ጫፍና መስመሩ በጥቂቱ ይራራቃሉ፤ የራንድ ሰሌዳ አሮጌ ችግር ትንሽ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ለፊደል ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ የሚለያዩት ቀኝ እግሩ ላይ በምታርፍ ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው፤ ጭረቷ ከወገብ ወደ እግር ከወረደች ሉ ሊ ሆነ።

ቀለማት እንደ ኒውተን ቃል ኪዳን ናቸው ባይ ነኝ፤ ለአብዛኛው ተማሪ ገና ናቸው። አንዱ ዘዴ ከጥቁርና ነጩ ፊት ማጣሪያ መደረብ ነው፤ ንብርብር ብርሃን ይሰርቃል ብለናል፣ ገጹም ግራጫ ይመስላል። ሌላው ዘዴ ባለ ብዙ ቀለም ቅንጣቶችን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ማዋኘት ነው፤ እነሱን ለይቶ ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል።

ብዕር ይጠፋል። ኢኤምአር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሌላ ፋብሪካ ብዕርም ይሠራበታል፤ በ2024 እንደወጣው ሪማርከብል ፔፐር ፕሮ የራሱ ቻርጅ የሚደረግ ብዕር የሚጠይቅ ከሆነ ግን ምትኩን የምታገኙት ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ስታስቡት ልዩነቱ ይገባችኋል።

የቀረችው ያቺ የሊብሪዬ 60 ቀን ናት። ኒውተን ቆሟል፣ አይሬክስ ከስሯል፣ ሪማርከብልም በ2021 አንዳንድ አገልግሎቱን በወርሃዊ ክፍያ አድርጓል። የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ማስታወሻ የምታስቀምጡበት ዕቃ ከሆነ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ አካውንት፣ በኬብል ብቻ ሙሉ ደብተሩን በፒዲኤፍ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩት። የሚገዛላችሁ ዘመድ ውጭ አገር ከሆነ ሱቅ ገብቶ እንዲሞክርላችሁ ለምኑት፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌን በትንሹ፣ በፍጥነት ይጻፍ፣ ገጹን በፒዲኤፍ አውጥቶ በስልክ ይላክላችሁ፣ እናንተም አጉልታችሁ ሉው ሉ ሆኖ መድረሱን እዩ።