የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላና ሲደፈን፦ የጋዝ፣ የኬሚካልና የበሽታ አደጋዎች

ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ባይችሉ እንኳ አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ማንም ሰው አይግባ። ተመጦ ባዶ ቢሆንም አይግባ። ሰው ወድቆበት ቢያዩም ተከትለው አይውረዱ።

የጉድጓድ ነገር የቧንቧ ሠራተኛና የመጣጭ መኪና ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ በአገራችን አብዛኛው መኖሪያ ቤት ከማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ በመሆኑ ቆሻሻው የሚጠራቀመው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ልጆች ከሚጫወቱበትና ልብስ ከሚሰጣበት ቦታ በታች ነው። ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ ከዚህ ጉድጓድ ጋር የተያያዙ ሦስት ዓይነት ታማሚዎችን እናያለን፦ ጋዝ የመታቸው፣ የተደፈነ ቱቦ ሊከፍቱ ሲሉ በኬሚካል የተጎዱ፣ እንዲሁም ሞልቶ በፈሰሰ ቆሻሻ የተያዙ ተቅማጥና ትውከት ያለባቸው። ከሦስቱ ፋታ የማይሰጠው የመጀመሪያው ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ምን አለ?

በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ቆሻሻው በሦስት ይደረደራል። ከባዱ ዝቃጭ ከታች ይተኛል፣ ፈሳሹ መሐል ይሆናል፣ ስብና ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ያለ አየር መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ቀስ በቀስ ያብላሉታል። ሲያብላሉት ደግሞ ጋዝ ይወጣል። ዋና ዋናዎቹ ሚቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ናቸው። ተራው የአፈር ጉድጓድም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሚቴን በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በአንዲት የክብሪት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው፤ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ይህ መጠን ሰው ራሱን እስኪስት ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ያውም ያለ ምንም ሽታ።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ እሱ ነው። ብዙ ሰው «ሽታው ከጠፋ ጋዙም ወጥቷል» ብሎ ያስባል። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ጋዙ 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ነርቭ ይደነዝዝና ሽታው ይጠፋል። ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመ ሰው «አሁን ተሻለው» የሚለው አፍንጫው ሥራ ባቆመበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ከ500 እስከ 1000 እጅ ከደረሰ ጥቂት ትንፋሽ ሰውን ይጥላል። ጋዙ የሰውነት ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳቸዋል፣ የአተነፋፈስ ማዕከሉንም ያቆመዋል። ሰውየው ለመጮህም ሆነ መሰላል ለመያዝ ጊዜ አያገኝም።

ሌላው ሰው የሚታለልበት ነገር ደግሞ ጊዜው ነው። ጋዙ በዝቃጩ ውስጥ ታምቆ ይቆያል። አንድ ሠራተኛ ወርዶ ለአምስት ደቂቃ ምንም ሳይሆን ሊሠራ ይችላል። አካፋው ወይም እግሩ ዝቃጩን ሲያማስለው የታመቀው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይወጣል። «ባለፈው ዓመትም እኔው ነበርኩ የጠረግሁት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ልምድ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለምን ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ይሞታል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በታንክ፣ በጉድጓድና በመሳሰሉት ጠባብ ስፍራዎች ከሚሞቱት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ሰዎች መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ቁጥር የእነሱ አገር ነው፤ ነገሩ ግን የሰው ልጅ ባሕርይ ነው። ወንድም ወንድሙ ሲወድቅ እያየ ዳር አይቆምም። ጎረቤትም እንዲሁ። የመጀመሪያውን የጣለው ጋዝ ግን አሁንም እዚያው አለ፤ ሁለተኛው ሰው ደግሞ ሮጦ መጥቶ፣ በኃይል እየተነፈሰ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ቶሎ ይወድቃል።

በየሰፈሩ የሚነገሩ መከላከያዎች አሉ፤ አይሠሩም። አፍና አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በተለመደው የፊት ጭምብል መሸፈን ጋዙን አያስቀርም። አስቀድሞ ወተት ወይም አረቄ መጠጣት ምንም አይጠቅምም፤ አረቄው እንዲያውም የሰውየውን ንቃት ይቀንሳል። ሻማ ወይም ኩራዝ ወደ ታች አውርዶ «ካልጠፋ ደህና ነው» ማለት ሁለት ጊዜ ስህተት ነው፤ እሳቱ የሚጠፋው ኦክስጅን በጣም ሲያንስ ብቻ ነው፣ ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሚቴን ካለ ደግሞ ያፈነዳዋል።

ሰው ወድቆ ካገኙ፦ ጮኸው ሰው ይጥሩ፣ ሌሎች እንዳይገቡ ይከልክሉ። ይህ ሁለተኛው ከባድ ነው፤ አንዳንዴ እናትን ወይም ወንድምን በጉልበት መያዝ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከሆኑ ወደ እሳትና አደጋ 939 ይደውሉ፤ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ሲደውሉ «ሰው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል፣ ጋዝ ነው» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ይዘው እንዲመጡ ነው። ሁሉንም ክዳኖች ከሩቁ መክፈት ከቻሉ ይክፈቱ። በአካባቢው ሲጋራ፣ ክብሪት ወይም ከሰል አይኑር። የወደቀው ሰው አስቀድሞ ገመድ ታስሮበት ከሆነ ወይም ራሱ መያዝ ከቻለ ከላይ ሆነው ይጎትቱት፤ ሲጎትቱ ጭንቅላትዎን ወደ ጉድጓዱ አፍ አያስገቡ።

ከወጣ በኋላ ንጹሕ አየር ወዳለበት፣ ከጉድጓዱ ራቅ ወዳለ ቦታ ይውሰዱት። ልብሱን አውልቁ፣ ፊቱንና አፉን ጥረጉ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሐል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ያህል እየገፉ ይጫኑ፤ ሳያቋርጡ፣ እየተፈራረቁ። አፍ ለአፍ ትንፋሽ አይስጡ፤ ጋዙና ቆሻሻው ወደ እርስዎ ሊተላለፍ ይችላል።

ራሱን ስቶ የነቃ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል መሄድ አለበት። ጋዙ ሳንባን ስለሚያቆስል ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ቆሻሻ የዋጠ ወይም ወደ ሳንባው የገባበት ሰው ደግሞ ከባድ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። ዋናው ሕክምና ኦክስጅንና ክትትል ነው።

ቱቦው ሲደፈን

በመጀመሪያ የተዘጋው የቱ እንደሆነ ይለዩ። አንድ የእጅ መታጠቢያ ወይም አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ቱቦ ላይ ነው። ሁሉም ቀስ እያለ የሚወርድ፣ ገንዳው ሲለቀቅ ከሻወሩ ወለል የሚንቦጫረቅ ድምፅ የሚሰማና ከታችኛው ፎቅ ቆሻሻ የሚመለስ ከሆነ ታንኩ ሞልቷል ወይም ዋናው መስመር ተዘግቷል፤ ይህን ኬሚካል አይፈታውም።

ለአንድ ቱቦ መዘጋት ጥሩው ዘዴ የፈሳሽ ሳሙናና ሞቅ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም) ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ እጀታ ባለው የጎማ መግፊያ ደጋግሞ መግፋት ነው። ካልሆነ የሚተጣጠፍ የሽቦ መጥረጊያ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። የጎማ ጓንት ያድርጉ፤ በእጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ይስጡ።

በረኪናና አሲድ በፍጹም አይቀላቅሉ። አንዱን አፍስሰው «አልሠራም» ብለው ሌላውን መጨመርም መቀላቀል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ሽንት ካለበት ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝም የሚያሳክክና የሚያስል ጋዝ ይፈጥራል። አስም ላለበት ሰው ትንሹም ይበቃዋል። ከተከሰተ ሥራውን ጥለው ወዲያው ይውጡ፤ ለመጥረግ አይመለሱ።

ካስቲክ ሶዳ ውሃ ሲነካ በጣም ይሞቃል፣ ወደ ላይም ይረጫል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ ሆስፒታል ለመድረስ ብለው ይህን አያሳጥሩ። አንድ ነገር ላስምርበት፤ እነዚህን ፈሳሾች በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ከምናያቸው አሳዛኝ አደጋዎች ምንጭ አንዱ ነው። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣል፤ ጉሮሮው ይቃጠላል፣ በኋላም ጠቦ ምግብ ማሳለፍ ሊያቅተው ይችላል። የጠጣን ሰው አያስመልሱት። አፉን አጉመጥምጠው ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

እንዳይሞላና እንዳይደፈን

ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ጨርቅና ፌስታል ወደ ሽንት ቤት አይጣሉ። «በውሃ ይሄዳል» ተብሎ የተጻፈበት መጥረጊያም ቢሆን እንደ ሶፍት አይሟሟም። የጥብስ ዘይት፣ የጠላ አተላና የቡና አተላ ቱቦውን ቀስ በቀስ ያጠቡታል፤ ከቆሻሻ ጋር ይጣሉ። የተረፈ አንቲባዮቲክና ሌላ መድኃኒትም ወደ ሽንት ቤት አይድፉ፤ ወደ መድኃኒት ቤት ወስደው ምክር ይጠይቁ። ዝንብ ለማጥፋት ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት መጨመር ደግሞ ከሚቴኑ ጋር ተደምሮ የእሳት አደጋ ነው፣ አፈሩንም ይበክላል።

በቂ ስፋት ያለው ሴፕቲክ ታንክ ለአንድ ቤተሰብ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መመጠጥ ይፈልጋል። ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሞላል፤ ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ምልክቱን ይከታተሉ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ማስመጠጥ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ የመኪናውም ወረፋ ይረዝማል። ለማስመጠጥ ብር ሲያጥር በቀን ሠራተኛ ማስጠረግ ርካሽ ይመስላል፤ ከላይ ያነበቡትን ካሰቡ ግን እንደማያዋጣ ይገባዎታል። መኪናው ሲመጥ ልጆች ይራቁ፤ ቱቦው የሚገባው ከላይ ነው፣ ማንም ወደ ውስጥ መውረድ አያስፈልገውም።

ክዳኑንም ይመልከቱ። የበሰበሰ ሳንቃ ወይም በቆርቆሮ ብቻ የተሸፈነ ጉድጓድ ወጥመድ ነው። አሮጌ ጉድጓድ አፈር ለብሶ ከተረሳ ሰው ሲረግጠው ይደረመሳል። የኮንክሪት ክዳን ይሥሩለት፤ ቤት ሲገዙም ሆነ ሲከራዩ አሮጌው ጉድጓድ የት እንደነበር ይጠይቁ። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ሽንት ቤቱ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ሞልቶ ከፈሰሰ

የፈሰሰ የሽንት ቤት ቆሻሻ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ታይፎይድ፣ የጉበት ቫይረስ «ኤ»፣ አሜባና ጃርዲያ ሊያስተላልፍ ይችላል። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በትኩስ ዝቃጭ ጎመንና ሰላጣ ማልማት አይገባም። መጀመሪያ ቆሻሻውን በአካፋ ያንሱ፣ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፣ ከዚያ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር በጥብጠው ወለሉን ያርሱና 10 ደቂቃ ይቆዩ። ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ። ብረት ወይም ጠርሙስ ከወጋዎት ቁስሉን በሳሙና አጥበው ስለ ቴታነስ ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

መቼ ወደ ሐኪም?

በጉድጓድ አጠገብ ቆይተው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይን ማቃጠል ወይም ማስመለስ ከጀመርዎት ከቦታው ይውጡ፤ ንጹሕ አየር አግኝተው ካልተሻለዎት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያው ይሂዱ። ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ ሰው ሳይመረመር ቤቱ አይደር። ከኬሚካል ጋዝ በኋላ ሳል፣ የደረት መጥበብ ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካለ አይጠብቁ። ቆሻሻ ከፈሰሰ በኋላ ባሉት ቀናት እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ በኦ.አር.ኤስ. እየተካ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች በዚያው ቀን። ለሐኪሙ ስለ ጉድጓዱ መንገር አይርሱ፤ ካልነገሩን ላንጠይቅ እንችላለን።