ቃል፣ እጅ፣ በትር፣ ብረት
በከሚሴና በአካባቢው ራስን የመከላከል ልማድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው የጨፋ ሜዳ በቦርከና ወንዝ ስለሚረጥብ፣ በበጋ ወራት ሣርና ውኃ የሚሹ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት አርቢዎች ይገናኙበታል። ሰኞ በባቲ፣ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ደግሞ ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ከብቱን ይዞ ይመጣል። ልዩ ልዩ ወገን ዘወትር በሚገናኝበት እንዲህ ባለ ስፍራ፣ ሰው ራሱን በምን ይከላከል የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ክብደት ነበረው። መሣሪያ የያዘ ይበልጣል ወይስ በእጁና በብልሃቱ የሚተማመን? የአገሩ ልማድና ትምህርት ሲመረመር ለዚህ ጥያቄ የሚገኘው መልስ፣ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ የሚያደርስ መሰላል ነው።

ባላገሩ ይዟቸው የሚሄዱት መሣሪያዎች ጥቂቶች ነበሩ። ኦሮሞው ጦሩን ኤቦ፣ ጋሻውን ጋቻና፣ በትሩን ኡሌ ይለዋል። አፋሩ ደግሞ ጊሌ ይታጠቃል፤ ይኸውም በሁለት ወገን የተሳለ ጎባጣ ጩቤ ነው። እ. ኤ. አ. በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ የአፋርን ምድር ያቋረጠው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ይህ ጩቤ በሆድ ላይ በአግድመት እንደሚታሰር ጽፏል።

እነዚህ መሣሪያዎች በስለታቸው ብቻ ሳይሆን በሚጠይቁት ርቀትም ይለያያሉ። ጦር ከሩቅ ይወረወራል፤ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ ግን ለባለቤቱ የሚቀረው ጋሻው ብቻ ነው። ጩቤ የሚሠራው ደረት ለደረት ሲገናኙ ነው፤ ከተሰነዘረ በኋላም ቁስሉን ማቅለል የሰንዛሪው ፈቃድ አይደለም። በትር በሁለቱ መካከል ይቆማል። ባላጋራን ያርቃል፣ ምት ይመክታል፣ ይመታልም፤ ኃይሉን መቀነስና መጨመርም ለያዘው ሰው የተተወ ነው። ከዚህም ሌላ ከብት ይነዱበታል፣ በዳገት ይደገፉበታል፣ መንገደኛው በትከሻው አጋድሞት ይሄዳል፤ ስለዚህ በትር መያዝ ጠብ መፈለግን አያመለክትም።

ባዶ እጅ ለእኩዮች ትግል ይበቃል። መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር የተጋጠመ ባዶ እጅ ግን መሸሽ ካልሆነለት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ምቱ ኃይል ሳያገኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ክንዱን መያዝ። ይህን ለማድረግ የመጀመሪያውን ምት መድፈር ግድ ይሆናል፤ የበትሩን ምት መድፈር ይቻል ይሆናል፣ የጊሌውን ግን ጥቂቶች ብቻ ይተርፉታል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ሰላማዊ ነው ማለትም አይቻልም፤ በድንጋጤ ጉሮሮ ያነቀ እጅ ከበትር ይልቅ ይገድላልና።

በትር ለደንብ የሚመች መሣሪያ መሆኑን ሌሎች አገሮችም ይመሰክራሉ። በግብፅ ታሕቲብ የሚባለው የበትር ጨዋታ በ2016 እ. ኤ. አ. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። በኦሞ አካባቢ ሱሪዎች በዶንጋ ሲፋለሙ ባላጋራን መግደል በደንቡ የተከለከለ ነው።

በከሚሴ አካባቢ ይህን ልማድ ያጸና አንድ የትምህርት ምንጭም አለ። ወሎ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጃማ ንጉሥን፣ ጌታንና ዳናን የመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ማእከሎች የተነሡበት አገር ነው። በእስልምና ሕግ፣ በተለይም በ1277 እ. ኤ. አ. ያረፉት ኢማም ነወዊ በሻፊዒ መዝሀብ በጻፉት «ሚንሃጅ» በተባለው መጽሐፍ፣ ጥቃት የደረሰበት ሰው በቀላሉ መጀመር አለበት። በቃል ወይም በጩኸት መመለስ ከተቻለ መምታት ክልክል ነው፤ በእጅ ከተቻለ ጅራፍ፣ በጅራፍ ከተቻለ በትር አይነሣም፤ መግደል የመጨረሻው ነው። በግድያም ላይ ሕጉ መሣሪያውን ይመረምራል። ዘወትር በሚገድል ነገር ሆን ብሎ የገደለ ቂሷስ ይጠብቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ በማይገድል በትር ወይም በጅራፍ መትቶ የገደለ ግን የከበደ የደም ካሣ ይከፍላል እንጂ ነፍሱ በነፍስ አትጠየቅም። እንግዲህ በትር የመረጠ ሰው ለባላጋራው ብቻ ሳይሆን ለራሱና ለዘመዶቹም የመትረፊያ መንገድ ይተው ነበር።

ደም ከፈሰሰ በኋላ ነገሩ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። ኦሮሞው ጉማ የሚለው የደም ካሣ ጎሳን ከጎሳ ያገናኛል፤ በወሎ ደም የሚያደርቁት አባጋሮችም በዱዓ ሁለቱን ወገን ያስታርቃሉ። የአፋሩም መዳዓ የአካል ጉዳትንና ነፍስ ማጥፋትን ለይቶ ይዳኛል። ስለዚህ በገበያ መካከል የተመዘዘ ስለት በሁለቱ ሰዎች መካከል ብቻ የሚወሰን አልነበረም።

ጦርነት ከዚህ ደንብ ውጭ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በአድዋ የዘመቱት የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጦርና ጋሻቸውን ይዘው ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ጠመንጃ በአገሩ በርክቷል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.) በኋላ ምንሽር፣ ከ1983 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ ክላሽንኮቭ በባላገሩ እጅ በዛ። ጠመንጃ መካከለኛ ደረጃ የለውም። ቃልና እጅ ከሩቅ አይደርሱም፣ ምቱን ማቅለል አይቻልም፣ የተኳሹም ማንነት አንዳንዴ አይታወቅም፤ ገዳዩ ያልታወቀ ደም ደግሞ ለሽማግሌም ለአባጋርም ያስቸግራል። በ2013 ዓ. ም. መጋቢትና ሚያዝያ በዞኑና በአጎራባቹ በአጣዬ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው አልቋል፣ ብዙ ቤትም ተቃጥሏል።

መንግሥትም በበኩሉ ሕግ አውጥቷል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78፣ ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅዱ መከላከያው ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የመመጣጠን ሐሳብ ለከሚሴ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ በቃል፣ በእጅና በበትር ደረጃ ሲጠብቀው የኖረው ነው። ይህ መሰላል የቆመው ግን መካከለኛው ደረጃ ስለነበረ ነው። በትር ከእጅ ወጥቶ ጠመንጃ ሲተካው፣ ከቃል በኋላ ያለው እርምጃ ሞት ይሆናል። ስለዚህ ስለ አካባቢው ሰላም የሚመክር ሁሉ የሽማግሌውን ሥልጣንና የገበያውን ልማድ ሲመረምር፣ የበትሩንም ታሪክ አብሮ ሊመረምር ይገባዋል።