ድንበር ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ
በሐይቅና በአምባሰል ገጠር ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራበታል፤ ለችግር ቀንም ይሸጣል። ድንበር ላይ ሲተከል ግን ጥላው የጎረቤትን ጤፍ ያቀጭጫል፤ ሥሩም ውኃውን ይሻማል። «በማሳዬ ማን ያገባዋል?» ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዛፉ ግን የተካዩ ንብረት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ደግሞ ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ጭስን፣ መጥፎ ሽታንና ጩኸትን ሳይቀር ይጠቅሳል። በፊቅህም ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ዛፉን አይቆርጥም። መጀመሪያ ለባለቤቱ ይንገር፤ ካልሰማው ሽማግሌ ይላክበት፤ እምቢ ካለ ወደ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ይሂድ። የይዞታ ደብተሩን ይዞ መሄዱን አንርሳ፤ አዋሳኞቹ የተጻፉት እዚያ ላይ ነው።