ከውሃ ጉድጓድ እስከ ሊዝ፤ የጅጅጋ መሬት ጉዞ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ካፒቴን ስዌይን በ1885 ዓ.ም. በጅጅጋ በኩል ሲያልፍ ያገኘው ከተማ አልነበረም። ያየው የውሃ ጉድጓዶችን፣ በእንጨት አጥር የተከበበ ምሽግንና 25 ያህል ጠባቂ ወታደሮችን ነው። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ግመሎቹን አጠጥቶ፣ ጥቂት አርፎ መንገዱን ይቀጥላል። መሬቱ የሚፈለገው ለሣሩና ለውሃው ነበር፤ በካሬ ሜትር የሚያሰላው አልነበረም።

ጅጅጋን በቀጥ ያሉ መንገዶች ሸንሽኖ በአራት ማዕዘን የማዋቀሩ ሥራ የሚነገረው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስም ነው። በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚህ ሰው በ1909 ዓ.ም. አካባቢ አገሩን ሲያስተዳድሩ፣ በሜዳው ላይ ዘመናዊ ከተማ ለማቆም እንደጣሩ በሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። ያኔ ሜዳው ሰፊ፣ ሰፋሪው ጥቂት ነበር። ገመድ ተወጥሮ መንገድ ቢወጣ የሚነካው ሰው ብዙ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ብዙ እጅ ተፈራረቀባት። በ1928 ጣሊያን ያዛት፤ በ1933 እንግሊዝ ተካው፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደርም እስከ 1941 ዓ.ም. መግቢያ ቆየ። በ1970 መስከረም በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን ነፃ ወጣች። ሰው በሸሸና በተመለሰ ቁጥር «ይህ ቤት የማን ነበር? ይህስ ግቢ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመለሳል።

ለጥያቄው አገራዊ መልስ የሰጠው የ1967ቱ አብዮት ነው። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የበለጠ ቦታ እንዳይያዝም ወሰነ። መሬት መሸጥ መለወጥ ቀረ። የ1986ቱ የሊዝ አዋጅ ደግሞ የከተማን ቦታ በዘመን ገደብ የሚከራይ አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል አጸና።

ጅጅጋ ግን አዋጅ እስኪወጣ ጠብቃ አላደገችም። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ የሸሸው ሕዝብ በሐርተሼክ፣ በኋላም በቀብሪበያህ ሰፈረ። ሐርተሼክ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ነው። የክልሉ መቀመጫ ከጎዴ ወደ ጅጅጋ ሲዛወር ደግሞ ቢሮው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው ተከትሎ ገባ። የቶጎ ውጫሌ የድንበር ንግድ ገንዘብ አመጣ። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ከ125 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ሰው የሚያድርበት ቤት ከየት ይመጣል? ከከተማው ዳር፣ ከአራሹና ከአርብቶ አደሩ መሬት ነዋ! የተለመደው መንገድ መንግሥት ይወስዳል፤ ካሣ ይከፍላል፤ ይሸነሽናል። ሰብል በኩንታል ይቆጠራል፤ ቤትም ይገመታል። ዝናብ ሲጠፋ ብዙ ቤተሰብ ከብቱን የሚነዳበት የጋራ ግጦሽ ግን በምን ይለካል? ካሣውስ ሲያልቅ፣ ትናንት የራሱ በነበረው ሜዳ ላይ ሌላው ፎቅ ሲሠራ የሚያይ አባወራ ልጆቹን ምን ይላቸዋል?

ሌላ መንገድ አለ። ባለይዞታዎች መሬታቸውን በአንድነት ያዋሕዳሉ፤ መንገድ፣ የውሃ መስመርና ትምህርት ቤት ከጋራው ላይ ይወጣል፤ የቀረው ተሸንሽኖ ለየባለቤቱ ይመለሳል። አሥር ሰዎች አንዳንድ ሄክታር ቢያዋጡና ለጋራ ጥቅም አራት ሄክታር ቢወጣ፣ እያንዳንዱ ስድስት ሺህ ካሬ ሜትር ያገኛል። ስፋቱ ያንሳል፤ መንገድና ውሃ ስለገባበት ግን ዋጋው ይጨምራል። ከእኛ ደቦ ብዙም የራቀ አይደለም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1902 ለፍራንክፈርት ይህን የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። ጃፓኖች ከ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቶኪዮን መልሰው የሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ዘዴው እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። በሕንድ፣ በአማራቫቲ፣ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ለአዲስ ዋና ከተማ ከ30 ሺህ ኤከር በላይ መሬት አዋጡ። በ2019 የግዛቲቱ መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ለዓመታት ቆመ። መሬቱን የሰጠው ሰው የተገባለትን ሲጠብቅ ቆየ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ መልሶ በሚለማ ሥፍራ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይደነግጋል። በሩ ገርበብ ብሏል ማለት ነው። ነገር ግን አቅምና ብድር የሌለው ሰው መብቱን በወረቀት ብቻ ይዞ እንዳይቀር ያሰጋል። የጋራ ግጦሽ ባለበት አገር ደግሞ ፈራሚው ማነው? ሽማግሌው? ወጣቱ? በከብቱ የምትኖረውስ እናት?

በተክለ ሐዋርያት ዘመን ከተማ ለማቆም ገመድና ትእዛዝ ይበቃ ነበር። ዛሬ ገመዱ የሚወጠረው ሰው በሚኖርበት ላይ ነው። ስለዚህ ካስማው ከመተከሉ በፊት የመሬቱ ሰው ይጠየቅ፤ የሚመለስለት ድርሻም በቃል ሳይሆን በስሙ በተጻፈ ካርታ ይሰጠው።